ጉድጓዱ አለ፣ ውሃው የት ቀረ? የጎጃም ከተሞች ቧንቧ የሚደርቅበት ምክንያት

በጋው እየገፋ ሲመጣ በጎጃም ከተሞች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ውሃ መጣላችሁ?» ነው። ፈረቃው ይራዘማል። ቢጫ ጀሪካን በየበሩ ይደረደራል። ጋሪና ባጃጅ ከሰው ይልቅ ውሃ መጫን ይጀምራሉ። በዚህ ሰሞን ታዲያ ሁለት ወሬ ይሰማል። አንዱ «አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ሊቆፈርልን ነው» የሚለው ነው፣ ሌላው «የውሃ ታሪፍ ሊጨምር ነው» የሚለው። ለመጀመሪያው ይጨበጨባል፣ ሁለተኛው ይረገማል።

እኔ ነገሩን ትንሽ ገልብጬ ነው የማየው። ጉድጓዱ ብቻውን ብዙ ላያመጣ ይችላል። ታሪፉ ደግሞ ዝም ብሎ የሚረገም ሳይሆን ልንደራደርበት የሚገባ ነገር ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ውሃው ከምንጩ ተነስቶ ደጃችን እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። መንገዱ ረጅም ነው፣ አብዛኛው ደግሞ መሬት ውስጥ ስለሆነ አይታይም።

## የጎደለው ውሃ አይደለም

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የምትለዋን አባባል በየስብሰባው የማይጠቅሳት የለም። ታናድዳለች፣ ግን ነገሩን አታስረዳም። እንዲያውም ችግሩ የውሃ እጥረት እንዲመስለን ታደርጋለች።

ጎጃም ውሃ አላነሰውም። ሰከላ ላይ ግሽ አባይ አለ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው፣ ከእሱ የሚነሱት ወንዞች ዞረው ዞረው አባይ ይገባሉ። ሙጋ፣ ጨሞጋና ተምጫ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ተብሎ ነው የተሠራው። ይህ ሁሉ እያለ አንድ ከተማ ለሳምንት ቧንቧው ሲደርቅ የሚያስቆጣው ለዚህ ነው፣ ቁጣውም ተገቢ ነው።

ታዲያ ወንዙን ለምን አንጠጣውም? ክረምት ላይ በወንዞቻችን የሚወርደው ውሃ ብዙ አፈር የተሸከመ ነው። እሱን ለመጠጥ ለማድረስ ማጣሪያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ድፍርሱን በኬሚካል የሚያዘቅጥ፣ በአሸዋ የሚያጣራ፣ በክሎሪን የሚያክም ማለት ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ በየቀኑም ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ ትንንሽ ከተሞች ባብዛኛው የሚመርጡት ምንጭ ማጎልበት ወይም ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ከርሰ ምድሩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የጎጃም ደጋ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተደራረበ ባዛልት የሚባል ጥቁር ድንጋይ ነው። ውሃው የሚገኘው በድንጋዩ ስንጥቅና በንብርብሮቹ መሃል ነው። ስንጥቁን ያገኘ ጉድጓድ ይንፎለፎላል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ የተቆፈረው ደረቅ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ቁፋሮ ተጀመረ» ሲባል ገና ውሃ ተገኘ ማለት አይደለም። ውሃው ቢገኝም ፓምፕ፣ መብራት፣ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገፋ መስመር፣ ማጠራቀሚያና የማከፋፈያ ቧንቧ ይቀሩታል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ጉድጓዱ ክዳን ተደርጎበት ይቀመጣል።

## ትንሽ ሒሳብ

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ከተሞች በሕዝብ ብዛት በአምስት ደረጃ ተከፍለው ነበር። ከ1 ሚሊዮን ሰው በላይ ላለው ከተማ በነፍስ ወከፍ በቀን 100 ሊትር፣ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን 80 ሊትር፣ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ 60 ሊትር፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ 50 ሊትር፣ ከ20 ሺህ በታች 40 ሊትር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። አብዛኞቹ የጎጃም ከተሞች የታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች ውስጥ ናቸው።

እስቲ 40 ሺህ ሰው ያላት አንዲት ከተማ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተወሰዱ ናቸው፣ የየትኛውም ከተማ መረጃ አይደሉም። ለአንድ ሰው 50 ሊትር ከታሰበ በቀን 2,000 ሜትር ኩብ ያስፈልጋታል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፣ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጀሪካን። ከተማዋ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 20 ሊትር የሚሰጡ ሁለት ጉድጓዶች አሏት እንበል። ፓምፖቹ በቀን 20 ሰዓት ቢሠሩ 2,880 ሜትር ኩብ ይወጣል። ይተርፋታል ማለት ነው።

አሁን መብራቱ እየተቆራረጠ ፓምፖቹ የሚሠሩት 8 ሰዓት ብቻ ሆነ። ምርቱ ወደ 1,152 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ከዚህ ላይ ሲሶው መንገድ ላይ ከፈሰሰ ለሰው የሚደርሰው 768 ሜትር ኩብ ነው። ለአንድ ሰው ሲካፈል 19 ሊትር አካባቢ፣ አንድ ጀሪካን እንኳ አይሞላም።

ሦስተኛ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሪባን ተቆረጠ እንበል። መብራቱም ብክነቱም እንደነበረ ከቀጠለ የነፍስ ወከፉ ድርሻ ወደ 29 ሊትር ከፍ ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን ከተባለው 50 ሊትር አሁንም ሩቅ ነው። በሌላ በኩል አንድም አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር ሁለቱን ፓምፖች 16 ሰዓት ማሠራት ቢቻልና ብክነቱ ወደ ምርቱ አንድ አምስተኛ ቢወርድ የሰው ድርሻ 46 ሊትር ይሆናል። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ግን የለውም።

ይህ ሒሳብ የሚንገዳገድበት አንድ ቦታ አለ። የከተማዋ ሰው ስንት ነው? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ደብረ ማርቆስ ከ62 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ፣ ፍኖተ ሰላም ወደ 26 ሺህ የሚጠጋ ሰው ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የታቀደው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በመሃሉ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አድጓል፣ እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፣ ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክሎባታል፣ ከገጠር የሚገባው ሰው በዝቷል፣ ተፈናቅሎ የተጠጋም አለ። ዕቅዱ የሚሠራው በግምት ነው። ግምቱ ካነሰ ፕሮጀክቱ በተመረቀ ማግስት ጠባብ ይሆናል።

## መብራት ሲሄድ ውሃም ይሄዳል

ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ፓምፕ ሞተሩም ጭምር ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 150 ሜትር ከፍታ ላይ ለማውጣት፣ የፓምፑ ብክነት ተጨምሮ፣ ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። ከወጣው ውሃ ሲሶው ከባከነ ደግሞ ለደንበኛ ለሚደርሰው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ወጣበት ማለት ነው።

ጉዳቱ በሒሳብ ብቻ አይቆምም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ኃይሉም ሲዋዥቅ ሞተሩ ይቃጠላል። የተቃጠለውን ሞተር ከመቶ ሜትር በላይ ጥልቀት ለማውጣት ማንሻ ክሬን ያስፈልጋል። ክሬኑ በየከተማው የለም። ሞተሩና ገመዱ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ያ ለውጥ ለጎጃም ከተማ ሰው የገባው በዘይት ዋጋ ነው፣ በፓምፕ በኩልም ገብቷል፣ ይህን ግን ብዙ ሰው አላሰበውም። ጄኔሬተር አለ ይባላል፣ ግን ናፍጣ ይፈልጋል፣ ናፍጣ ደግሞ ውድ ከመሆኑም በላይ ሁልጊዜ አይገኝም።

«ህዳሴ ግድብ ተመረቀ አይደለም እንዴ? አሁን ለምን ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ምረቃ በኋላ ብዙ ይሰማል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱ ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይፈልጋል። ግድቡ ኃይል ያመነጫል። ወደ ከተማው የሚያደርሰው ግን ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ሽቦ ነው። ያረጀ ምሰሶ በነፋስ ከወደቀ ወይም ትራንስፎርመር ከፈነዳ ግድቡ ሙሉ ቢሆንም ፓምፑ ይቆማል። ለዚህ የሚቀርበው መፍትሔ ለውሃ ጣቢያው ከሰፈር መስመር የተለየ የራሱ መስመር መዘርጋት ነው። ከጉድጓድ ቁፋሮ ሊረክስ ይችላል፣ ግን ሁለት መሥሪያ ቤቶች መስማማት አለባቸው። እዚህ ላይ ነው ነገር የሚንጓተተው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭትም በዚህ ላይ ተደርቧል። መንገድ ሲዘጋ የጥገና ቡድን አይንቀሳቀስም፣ ክሎሪንና መለዋወጫ ይዘገያል፣ ሥራ ተቋራጭ ማሽኑን ይዞ ይወጣል። ሁሉንም በግጭቱ ማሳበብ ግን ልክ አይመስለኝም። ፈረቃው ከዚያ በፊትም ነበር።

## መሬት ውስጥ የሚቀረው

በውሃ ሥራ ቋንቋ «ገቢ የማያስገኝ ውሃ» የሚባል ነገር አለ። ተመርቶ ወጥቶ ነገር ግን ሒሳብ ያልተከፈለበት ውሃ ማለት ነው። ሦስት ነገሮች ይጠቃለሉበታል፤ ከቧንቧ የሚፈሰው፣ ያረጀ ቆጣሪ ያልቆጠረው፣ በሕገወጥ መስመር የተወሰደው። በአገራችን ከተሞች ሲሶ አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነው፣ ከዚያ የሚበልጥባቸውም አሉ።

ትንሽ የሚመስለው ብዙ ነው። በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሊትር ብቻ የሚያፈስ አንድ ስንጥቅ በቀን 8,640 ሊትር ያባክናል። በ50 ሊትር ሒሳብ የ172 ሰው የቀን ድርሻ ነው። ቀዳዳ እንስራ ይዞ ሌላ ምንጭ መፈለግ ማለት ይህ ነው።

የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛው ስብራት በራሳችን እጅ የሚመጣ መሆኑ ነው። መንገድ ሲጠረግ ግሬደሩ ቧንቧውን ይበጥሰዋል። ቴሌ ለመስመሩ ሲቆፍር ይነካዋል። ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ ከሥሩ ያለው ያረጀ ቧንቧ ሳይለወጥ። ከዓመት በኋላ ቧንቧው ሲፈነዳ ድንጋዩ ይነሳል፣ ቧንቧው ይጠገናል፣ ድንጋዩን ግን መልሶ የሚያነጥፈው የለም፤ ጉድጓዱ እንዳለ ክረምት ይገባል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ባጃጁም ሞተሩም እዚያው ይሰበራል። ብዙ ቦታ ቧንቧው በየት በኩል እንደተቀበረ የሚያሳይ የተሟላ ካርታ የለም፣ የሚያውቁት አንድ ሁለት የቆዩ ሠራተኞች ናቸው። እነሱ ጡረታ ሲወጡ ካርታው አብሮ ይወጣል።

## ፈረቃ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ

ፈረቃ ፍትሐዊ ይመስላል። ውሃው ትንሽ ነው፣ በየተራ እንካፈለው። ግን ቧንቧ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ እንዲሠራ ነው የሚዘረጋው።

ባዶ የሆነ መስመር ውስጥ ውሃ በድንገት ሲለቀቅ ግፊቱ መጋጠሚያዎችን ይመታል፣ ስብራት ይበዛል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ በስንጥቁ በኩል የውጭው ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመጀመሪያውን ለልብስና ለጽዳት ማዋል፣ ለመጠጥ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ መጠቀም ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ቧንቧው ሲጠፋ ወደ ግቢ ጉድጓድ የሚመለሰው ሰው ደግሞ ይብስበታል፣ ምክንያቱም በየግቢው ጉድጓዱና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ተቀራርበው ነው ያሉት።

ከዚያ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጉዳይ አለ። ከማጠራቀሚያው ወደ ቤት ውሃውን የሚገፋው ከፍታ ነው። በየ10 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት ግፊቱ በ1 ባር ይጨምራል። ማጠራቀሚያው ከታች ሰፈር 40 ሜትር፣ ከላይ ሰፈር 8 ሜትር ከፍ ካለ፣ ፈረቃው ለሁለቱም በአንድ ሰዓት ቢለቀቅ እንኳ የታቹ ሮቶውን ሞልቶ እስኪጨርስ የላዩ ጠብታ ይጠብቃል። አንዳንዱ ደግሞ ዲናሞ ገዝቶ በቀጥታ ከመስመሩ ይስባል። የሚስበው ከጎረቤቱ ነው። ይህን ስል ሰውየውን ክፉ ለማለት አይደለም፣ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ግን ሃያ ቤት ዲናሞ ካስገባ የሃያ አንደኛው ቤት ፈረቃ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ስለ ቆጣሪ ደግሞ የማያባራ ክርክር አለ። ነዋሪው «አየር ነው የሚያስቆጥርብን» ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ «ተረት ነው» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። መካኒካል ቆጣሪ የሚያልፈው ነገር ሲያዞረው ይዞራል፣ ባዶ መስመር ሲሞላ የሚገፋው አየርም ያዞረዋል። በፈረቃ በሚሠራ ከተማ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ መስመሩ ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ከሌለ ይብሳል። በሌላ በኩል ያረጀ ቆጣሪ ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃን አይቆጥርም፣ ስለዚህ ሳያውቀው የተጠቀመም ደንበኛ አለ። የሚያስኬደው ቆጣሪውን አውጥቶ በነዋሪው ፊት መለካት ነው።

## ታሪፍ ይጨመር ወይስ አይጨመር?

ታሪፍ ማለት ለአንድ ሜትር ኩብ የሚከፈለው ዋጋ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በእርከን የተከፈለ። ትንሽ የተጠቀመ በርካሹ እርከን ይከፍላል፣ ብዙ የተጠቀመ ወደ ውዱ ይገባል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ገጠርና ከተማን ይለያል። የገጠር ውሃ ቢያንስ የሥራ ማስኬጃና የጥገና ወጪውን፣ የከተማ ውሃ ግን ሙሉ ወጪውን ከተጠቃሚው እንዲሸፍን ነው መርሑ። የከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት በመርሕ ደረጃ በጀት የሚሰፈርለት ቢሮ አይደለም፣ ከሚሸጠው ውሃ ደመወዝ ከፍሎ፣ መብራት ከፍሎ፣ ፓምፕ ቀይሮ እንዲኖር ነው የሚጠበቀው። ለትልቅ ግንባታ ከመንግሥት ድጋፍ ወይም ከውሃ ልማት ፈንድ ብድር ሊያገኝ ይችላል፣ ብድሩ ግን ተመላሽ ነው። የሚመለሰውም ከቢላችን ነው።

የመሥሪያ ቤቶቹ ክርክር ግልጽ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ምንዛሪው ጨምሯል። ደመወዝ ጨምሯል። የውሃ ዋጋው ግን ለዓመታት የቆመበት ከተማ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥገናው ይዘለላል፣ የተዘለለው ጥገና ስብራት ይሆናል፣ ስብራቱ ፈረቃ ያራዝማል፣ ፈረቃ ሲራዘም የሚሸጠው ውሃ ያንሳል፣ ገቢው ይወርዳል። ይህ አዙሪት ልብ ወለድ አይደለም።

የነዋሪው መልስም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ «ላልመጣ ውሃ ለምን ልጨምር? መጀመሪያ አምጡ።» ይህን እንደ ግትርነት የሚያዩት አሉ። እኔ አላየውም። በወር አራት ቀን ውሃ የሚያገኝ ሰው አገልግሎቱን ሳያይ ዋጋ ይጨመርብኝ ብሎ እንዲፈርም መጠበቅ ይከብዳል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛ ወገን አለ፤ አሁንም ከሁሉም በላይ የሚከፍለው። ቆጣሪ የሌለው ተከራይ ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን በ10 ብር ቢገዛ ለአንድ ሜትር ኩብ 500 ብር ከፈለ ማለት ነው። ከቧንቧ ታሪፍ ጋር የማይወዳደር ዋጋ ነው። ውሃ ሲኖርም ቢሆን አይድንም። አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ይኖራሉ እንበል። እያንዳንዳቸው በወር 3 ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 15 ያነባል፣ ሒሳቡ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ብቻውን በቪላ የሚኖረው 5 ሜትር ኩብ ተጠቅሞ ርካሹ እርከን ላይ ይቀራል። ድሃውን ለመደገፍ የተሠራው እርከን ድሃውን ይቀጣል። አከራዩ ደግሞ በላዩ ላይ «የውሃ» ብሎ የራሱን ይጨምራል።

ስለዚህ በኔ እይታ ጥያቄው «ይጨመር ወይስ አይጨመር» መሆን የለበትም። ጭማሪው በምን ዓይነት ግዴታ ይታሰር ነው። ለምሳሌ የተጨመረው ገንዘብ ለብቻው በሚታይ ሒሳብ ተይዞ ለቧንቧ ቅየራና ለተለየ የመብራት መስመር ብቻ ቢውል፣ በየወሩ ስንት ሜትር ኩብ እንደተመረተና ለስንቱ ሒሳብ እንደተሰበሰበ ቢለጠፍ፣ የጋራ ግቢዎች በቤተሰብ ቁጥር እርከናቸው ቢሰላላቸው። ይህ ሲሆን ጭማሪውን የሚቀበል ሰው ጥቂት አይሆንም። ካልሆነ ግን ጭማሪው ደመወዝና አበል ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

## ማንን ነው የምንጠይቀው?

በየስብሰባው ሁሉም ጥያቄ ከንቲባው ላይ ይወርዳል። ከንቲባው ደግሞ «ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን» ይላል። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ይህ መልስ ለዘላለም ይሠራል።

ባጭሩ እንዲህ ነው። ስርጭት፣ ፈረቃ፣ ጥገና፣ ቆጣሪና ቢል የከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ በላዩ የውሃ ቦርድ አለ። ቦርዱ ውስጥ አስተዳደሩ ይቀመጣል፣ የነዋሪ ተወካይ የሚቀመጥበትም አለ። የነዋሪው ተወካይ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ነዋሪ ግን እምብዛም አይገኝም። ጥናትና ትልልቅ ቁፋሮ በዞንና በክልል ውሃ ቢሮ በኩል ነው የሚያልፈው። መብራት የፌዴራል ተቋም ነው፣ ከንቲባው ሊለምነው እንጂ ሊያዘው አይችልም። ቧንቧ የሚበጥሰው ኮብልስቶንና የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን ራሱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ እዚህ ላይ ከንቲባው ማመካኛ የለውም። ቁፋሮ ከመፈቀዱ በፊት የውሃ መሥሪያ ቤቱ እንዲፈርም ማድረግ በጀት አይጠይቅም።

## ሌላ አማራጭስ?

የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ይነሳል። ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓታት በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ነዳጅ አይፈልግም፣ ለትንንሽ ከተሞች ይስማማል። መነሻ ወጪው ግን ከባድ ነው፣ ለትልቅ ከተማም ብቻውን አይበቃም። ከመብራቱ ጋር ተዳብሎ ቢሠራ ያዋጣል።

ከተራራ ምንጭ በስበት ማውረድም አለ። ፓምፕ አይፈልግም፣ ለጮቄ ግርጌ ከተሞች የተመቸ ይመስላል። ቸል የማይባለው ምንጩ ያለበት ቀበሌ ሰው ነው። ውሃው በቧንቧ በደጁ አልፎ ከተማ ሲገባ እሱ ግን እንስራ ተሸክሞ የሚሄድ ከሆነ መስመሩ ይቆረጣል። የሚቆርጠውን ወንጀለኛ ከማለት በፊት ለመንደሩ ቦኖ ተተክሎለት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። የምንጩ ዙሪያም ጉዳይ ነው። ባህር ዛፍ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ውሃ በብዛት እንደሚጠጣ ግን የታወቀ ነው። ምንጭ አጠገብ አትትከል ለማለት የሚተካ ገቢ ማሳየት ያስፈልጋል።

## ጥያቄው የሚነሳበት ወር

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚረቀቀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው፣ የሚጸድቀው ደግሞ ሰኔና ሐምሌ አካባቢ። ያኔ በጎጃም ዝናቡ ገብቷል። ምንጩ ይሞላል፣ የጣሪያ ውሃ በበርሜል ይጠራቀማል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ጩኸቱ ይረግባል። ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ስለ ውሃ የሚጮህ የለም። ጩኸቱ እንደገና የሚነሳው በየካቲትና በመጋቢት ነው፣ ያኔ ደግሞ የዓመቱ ገንዘብ ተመድቦ አልቋል፣ መልሱም «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» ይሆናል። ስለዚህ የምርትና የብክነቱ ቁጥር ይለጠፍ፣ ለጣቢያው የተለየ መስመር ይዘርጋ፣ የጋራ ግቢዎች እርከን ይስተካከል የሚሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ ሆነው ለቦርዱና ለከተማው ምክር ቤት መግባት ያለባቸው አሁን፣ ዕቅዱ ረቂቅ ሳለ፣ ከሚያዝያ ሳያልፍ ነው።